ከውጭ የታሰረ ቃሬዛ

ጋሽ መርዕድ ዕድሜያቸውን በሄሊኮፕተር ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ሰናይት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። የሚነጋገሩት ቤል 47 ስለተባለችው ሄሊኮፕተር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰናይት፦ ጋሽ መርዕድ፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ አየሁ። ትንሽ ሄሊኮፕተር ናት፤ ፊቷ ድቡልቡል ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ፣ ጭራዋ እርቃኑን የቀረ የብረት ፍርግርግ። በግራና በቀኟ ቃሬዛ ታስሯል፤ ቃሬዛው ላይ ደግሞ ሰው ተኝቷል። ከውጭ! እኔ ቁስለኛ ከአምቡላንስ ሲወርድ ብርድ ልብሱ ከተገለጠ እቆጣለሁ። ይህን የሠራው ሰው ምን አስቦ ነው?

መርዕድ፦ ቤል 47 ናት። ሠራዊቱ ኤች-13 ይላት ነበር። የሠሯት ሰዎች ቃሬዛ በአእምሯቸው አልነበረም፤ ብዙዎቹ የሚያልሙት የቤት መኪና ነበር።

ሰናይት፦ የቤት መኪና?

መርዕድ፦ አዎ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ በተቃረበበት ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ሰዉ የሚያወራው እሱን ነበር፤ ደመወዝተኛው ሁሉ ከጓሮው ሄሊኮፕተሩን አስነሥቶ ሥራ የሚገባበት ዘመን ቀርቧል ይባል ነበር። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበችው 47ቢም እንደ አውቶሞቢል ጣራና በር ያላት፣ ሁለመናዋ የተዘጋ፣ ከሥሯ አራት ጎማ ያላት ነበረች። ሕዝቡ ግን አልተሻማባትም። ዋጋዋ ከባድ ነው፤ ማብረሯ ረጅም ትምህርት ይጠይቃል፤ ጥገናዋ አያልቅም። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ይህች ማሽን የመኪናውን ልብስ አውልቃ ጣለችና ያን ጊዜ ሥራዋን አገኘች። አንቺ ያየሻት እርቃን ሄሊኮፕተር እሷ ናት።

ሰናይት፦ እንግዲያው ከሥሩ ይንገሩኝ። ማን ነው የፈጠራት?

መርዕድ፦ አርተር ያንግ። ፋብሪካ ያሳደገው ሰው አይደለም። ፕሪንስተን ሒሳብ ተምሮ በ1927 ተመረቀ፤ ልቡ ግን ፍልስፍና ላይ ነበር። ሐሳቤን የምፈትንበት በእጅ የሚዳሰስ ከባድ ችግር ያስፈልገኛል ብሎ ተነሣና በ1928 ሄሊኮፕተርን መረጠ። ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ በሞዴል ላይ ብቻ ሠራ። ኋላ ላይ ፔንስልቬንያ፣ ፓኦሊ የሚባል ቦታ አንድ የድሮ በረት ነበረው፤ እዚያ ውስጥ እየሠራ፣ እያስነሣ፣ እየሰበረ።

ሰናይት፦ ከ10 ዓመት በላይ? ቤተሰብ ምን ይለው ነበር?

መርዕድ፦ የሀብታም ልጅ ነበር፤ መታገሥ ይችል ነበር። ከእነዚያ ዓመቶች ብዙዎቹ ያለቁት ደግሞ በማያዋጣ መንገድ ላይ ነው። በትልልቆቹ ክንፎች ጫፍ ላይ ትንንሽ ፕሮፔለሮች ተገጥመው እነሱ ትልቁን እንዲያዞሩት ነበር ያሰበው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ያንን እርግፍ አድርጎ ተወና ወደ ቀላሉ ተመለሰ፦ አንድ ዋና ሮተር (የሚዞሩት ሁለት ክንፎች) ከላይ፣ አንድ ትንሽ ሮተር ጭራ ላይ። ያን ጊዜ እውነተኛውን ጠላቱን አገኘው።

ሰናይት፦ ምን ነበር?

መርዕድ፦ አለመረጋጋት። ሞዴሏ ትነሣለች፣ አየር ላይ ቀጥ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ትጀምራለች። ውዝዋዜው እየሰፋ ይሄዳል፤ መጨረሻው መሬት ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ የሷ ታሪክ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሮተሩ ከምሰሶው ጋር ተያይዟል። አካሏ ትንሽ ሲያጋድል ምሰሶው ያጋድላል፤ ሮተሩም ይከተለዋል፤ ሮተሩ ሲያጋድል ደግሞ ሄሊኮፕተሯን ወዳጋደለበት ይጎትታታል። ስሕተቱ ራሱን እየመገበ ያድጋል።

ሰናይት፦ ታዲያ ምን አደረገ?

መርዕድ፦ ከሮተሩ ጋር አብሮ የሚዞር፣ ከሁለቱ ክንፎች ጋር መስቀል የሚሠራ ዘንግ ጨመረ። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ላይ ክብደት አለ። እናትሽ ጥጥ ስትፈትል አይተሽ ይሆናል፤ እንዝርቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የተሰካበት ክብደት ነው፤ እየዞረ እስካለ ድረስ መጋደልን እምቢ ይላል። የያንግ ዘንግም እንዲሁ ነው። አካሏ ቢያጋድል ዘንጉ ለጊዜው በነበረበት ጠፍጣፋ ላይ መዞሩን ይቀጥላል። በትንንሽ ማያያዣዎች ከክንፎቹ ጋር ስለተገናኘ የክንፎቹን አንግል እያስተካከለ ሮተሩ አካሉን ተከትሎ እንዳይሮጥ ይይዘዋል። አብራሪው ያን ጊዜ ለማሰብ ፋታ ያገኛል። ኤሌክትሮኒክስ የለ፣ ኮምፒዩተር የለ፤ አንድ ዘንግ፣ ሁለት ክብደት። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ውስብስብ ነገር ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ የዚህን ያህል የማከብረው ነገር የለም።

ሰናይት፦ ሲናገሩ ድምፅዎ ተለወጠ።

መርዕድ፦ ይለወጣል! በጉልበት የመጣ መፍትሔ አይደለማ። ትልቅ ሞተር አልጨመረም። ማሽኗ ለምን እንደምትወድቅ እስኪገባው ድረስ ሲያያት ኖሮ ነው ያመጣው። በ1941 ሞዴሏን ይዞ ባፋሎ፣ ኒውዮርክ ወደሚገኘው የቤል አውሮፕላን ፋብሪካ ሄደ። ቤል ያኔ ተዋጊ አውሮፕላን የሚሠራ ድርጅት ነው። ሞዴሏን ፋብሪካው ውስጥ በሽቦ እየተቆጣጠረ አበረራት። መሥራቹ ላሪ ቤል ወደደው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተዋዋሉ። ያንግ የልጅነት ጓደኛውንና ረዳቱን ባርት ኬሊን ይዞ መጣ። ቆይቶም ከዋናው ፋብሪካ ርቀው ጋርደንቪል በሚባል ሰፈር የመኪና መሸጫ በነበረ ቤት ውስጥ ተቀመጡ።

ሰናይት፦ ለምን ራቁ?

መርዕድ፦ ትልቅ ፋብሪካ በሥዕልና በፊርማ ነው የሚሄደው፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ለተዋጊ አውሮፕላን ይሯሯጣል። ያንግ የለመደው ሠርቶ፣ አይቶ፣ ወዲያው ማስተካከል ነው። ጋርደንቪል ውስጥ ጥቂት ሰዎች ሆነው በእጃቸው ሠሯት። የመጀመሪያዋን ጄኔቪቭ አሏት። በ1942 ታኅሣሥ ላይ በገመድ ታስራ ተነሣች፤ በ1943 ገመዱ ተፈታላት። አብራሪያቸው ፍሎይድ ካርልሰን የሚባል ሰው ነበር። ሁለተኛዋን በ1944 ባፋሎ ውስጥ በአንድ ትልቅ የጦር ሠራዊት አዳራሽ፣ ጣራ ሥር፣ ተመልካች ተቀምጦ እያየ አበረራት። ያልተረጋጋችን ማሽን አዳራሽ ውስጥ የሚያበር ሰው የለም። ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ሰናይት፦ ሕመምተኛን ያሰበ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም።

መርዕድ፦ አሁን ይመጣል፤ የሚገርመኝም ይኸው ነው። በ1945 ጥር ላይ ጃክ ዉላምስ የሚባል የቤል የሙከራ አብራሪ ከሚያበረው ጄት በፓራሹት ለመውጣት ተገደደ። በረዶ ላይ ወርዶ እግሩ በብርድ ተጎድቶ አንድ የገበሬ ቤት ደረሰ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል። ካርልሰን ሐኪም ጎኑ አስቀምጦ በሙከራ ሄሊኮፕተሯ በርሮ እደጁ አወረደለት። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ኢሪ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው የበረዶው ግግር ተሰብሮ የቀሩ ሰዎችን አወጣ።

ሰናይት፦ ስለዚህ ገና ሽያጭ ሳይጀመር የመጀመሪያ ሥራዋ የእኔ ሥራ ነበር!

መርዕድ፦ ነበር እንጂ። ግን አላዩትም። ጋዜጣው እንደ ተአምር ጻፈው፤ ፋብሪካው እንደ ጥሩ ማስታወቂያ አየው። የመኪናው ሕልም አልተነቃነቀም። ሞዴል 47 በ1945 ታኅሣሥ 8 ቀን የመጀመሪያ በረራዋን አደረገች። በ1946 መጋቢት 8 ቀን ደግሞ የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ለሲቪል አገልግሎት የምስክር ወረቀት ሰጣት። ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሄሊኮፕተር ናት። ከዚያ በፊት ሲኮርስኪ ለጦሩ በብዛት የሠራቸው ነበሩ፤ አንዷም በ1944 በርማ ውስጥ ሰዎችን ከጫካ አውጥታለች። ሲቪሉን በር የከፈተችው ግን ይህች ናት። ሞተሯ 178 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ዛሬ መካከለኛ የቤት መኪና ከዚያ የበለጠ አለው።

ሰናይት፦ ልብሷን ያወለቀችውስ መቼ ነው?

መርዕድ፦ ቀስ በቀስ። መጀመሪያ የገፈፏት የእርሻ ሰዎች ናቸው። ማሳ ላይ መድኃኒት ለሚረጭ ሰው በር ምን ያደርግለታል? ከቅጠሉ በላይ ዝቅ ብሎ ሲሄድ እግሩ ሥር ያለውን ማየት አለበት፤ የሚያወልቀው እያንዳንዱ ኪሎ ደግሞ ለመድኃኒቱ ቦታ ይሆናል። አርጀንቲና ውስጥ በ1940ዎቹ መጨረሻ አንበጣ ለመከላከል ያሰማሯቸው እነዚህን ነው። የአንበጣን ነገር እኛ አገር ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም። ቀጥሎ ያንግ ራሱ ያሰበው ድቡልቡል ፕላስቲክ መጣ፤ አብራሪው ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ከእግሩ በታች ያያል። ከዚያ የጭራው ልባስ ቆርቆሮ ቀረ፤ ጎማው በሁለት ረጃጅም የብረት እግሮች ተተካ። 47ዲ1 የምትባለው ያቺ ናት። ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1984 አንዷን ወስዶ ጣራው ላይ ሰቅሏታል።

ሰናይት፦ ሙዚየም ውስጥ? ለውበቷ?

መርዕድ፦ ለውበቷ። ሊያሳምራት የተነሣ ሰው ሳይኖር አማረች። የማያስፈልገው ሁሉ ሲነሣላት የቀረው እሱ ነው። ጭራዋን ብታዪ እያንዳንዱ ቧንቧ የሚሸከመው ነገር አለ፤ መካኒክ ደግሞ ስንጥቅ ለመፈለግ ቆርቆሮ መፍታት የለበትም፤ በዓይኑ ያየዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል። ክንፎቿ በመጀመሪያው ዘመን እንጨት ነበሩ። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው ትንሽ ከከበደ አብራሪው ጥርሱ እስኪንቀጠቀጥ ይንገጫገጫል። የዚያን ዘመን መካኒክ እንዴት እንደሚያስተካክል ታውቂያለሽ? የክንፎቹን ጫፍ በሁለት ዓይነት ቀለም ይቀባል። ሞተሩ ይነሣል፤ እሱ ረጅም እንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ይዞ ይጠጋና በጥንቃቄ ጫፋቸውን ያስነካል። ጨርቁ ላይ ሁለቱ ቀለሞች ተራርቀው ከታተሙ አንዱ ክንፍ ከፍ ብሎ እየበረረ ነው። አጥፍቶ ያስተካክላል፤ እንደገና ያስነሣል። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ቦታ እስኪያርፉ።

ሰናይት፦ በሚዞረው ክንፍ አጠገብ ቆሞ!

መርዕድ፦ ቆሞ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይሆነውም። ወደ ኮሪያ እንሂድ፤ የአንቺ ጥያቄ ያለው እዚያ ነው።

ሰናይት፦ በካርታ ሳየው ኮሪያ ተራራ ብቻ ነው።

መርዕድ፦ ተራራና ሸለቆ። ቁስለኛ ከኮረብታ ላይ በሰው ትከሻ ይወርዳል፤ ከዚያ በጂፕ በኮረኮንች መንገድ ለሰዓታት ይንገላታል። ሆዱ የተመታ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሰናይት፦ ደሙ ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ግጭቱ ራሱ ይገድለዋል።

መርዕድ፦ በ1951 ጥር መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር በጣት የሚቆጠሩ ኤች-13 ይዞ ቁስለኛ ማመላለስ ጀመረ። ከግንባር ወደ ተንቀሳቃሹ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል፣ ማሽ ወደሚሉት ድንኳን። የሰዓታቱ መንገድ ወደ ደቂቃዎች ወረደ። ውስጧ ግን አብራሪውና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ናቸው፤ የተኛ ሰው አይገባም። ስለዚህ ቃሬዛውን በእግሮቿ ላይ፣ በግራና በቀኝ አሰሩት። የብርዱ ነገር አንቺን እንዳስቆጣሽ እነሱንም አስጨንቋቸዋል። ለቁስለኛው ራስና ደረት መከለያ ሠሩ፤ ከሞተሩ ሙቀት በቱቦ ወስደው ወደ ቃሬዛው አስገቡ። የፕላዝማ ጠርሙስ አብራሪው ክፍል ውስጥ ሰቅለው ቱቦውን ውጭ ወዳለው ቁስለኛ ክንድ ዘረጉ።

ሰናይት፦ እየበረሩ ፕላዝማ ይሰጡ ነበር?

መርዕድ፦ እየበረሩ። ይህን ያስገደደ መመሪያ አልነበረም፤ መካኒኮችና አብራሪዎች ቦታው ላይ ያመጡት ነው። ማታ መብረር አይችሉም ነበር፤ በጨለማ የሚያበርሩበት መሣሪያ የላትም። ነፋስ ሲበረታ፣ ደመና ሲወርድ ትቆማለች። ቢሆንም ጦርነቱ እስኪያበቃ በኤች-13 ብቻ የተጓጓዘው ቁስለኛ ወደ 18,000 ይቆጠራል።

ሰናይት፦ አሁን ልከራከርዎት። ሕክምና ቦታ ከደረሱ ቁስለኞች ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከመቶ 4.5 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በኮሪያ ወደ 2.5 ወረደ። ይህን ተምረናል። ሰው ሁሉ ያንን ቁጥር ለሄሊኮፕተር ይሰጠዋል። አንቲባዮቲክስ? ደምስ? ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ወደ ግንባሩ መጠጋቱስ? የደም ሥር መስፋት የተማሩትም እዚያው ነው። ሄሊኮፕተር ባዶ ድንኳን ቢያደርሰው ምን ዋጋ አለው?

መርዕድ፦ ልክ ነሽ፤ አልከራከርሽም። አብዛኛው ቁስለኛ የሄደው በመኪናና በባቡር ነው። ለሄሊኮፕተር የሚመረጠው ራሱን፣ ደረቱን ወይም ሆዱን የተመታ፣ መንገዱን የማይችል ሰው ነበር። ግን ይህንንም ተመልከቺ፤ ሁለቱ ተገናኝተው ነው የሠሩት። ድንኳኑ ሐኪሙን አቀረበ፤ ሄሊኮፕተሯ የመጨረሻውን የተራራ መንገድ ቆረጠች። አንዱ ብቻውን ቢሆን በሕይወት የማይደርሱ ሰዎች ነበሩ።

ሰናይት፦ እንዲህ ከሆነ እቀበላለሁ። የሚመረጠው ከባዱ ነው ማለትዎ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ትሪያዥ የምንለው ያው እሱ ነው፤ መጓጓዣው ውስን ሲሆን ማን ይቅደም ብሎ መወሰን። ያ ውሳኔ ከባድ ነው፤ ሌሊት ቤቴ ድረስ ይከተለኛል።

መርዕድ፦ የእኛም ልጆች በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ነበሩ። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ግንቦት ፑሳን ወርዶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ተሰለፈ። የተሰለፈበት ያው ተራራ ነው። ከ120 በላይ ሞተውበታል፤ 536 ቆስለዋል። ቁስለኞቹ የሚታከሙት በዚያው ክፍለ ጦር የሕክምና መስመር ነበር፤ ከግንባሩ የእርዳታ ጣቢያ እስከ ማሽ ድንኳን ድረስ። ስለ ቃኘው ስናወራ ጀግንነቱን እናነሣለን፤ ይገባል። ስለ 536ቱ ግን ማን አከማቸው፣ በምን ተጓዙ፣ ስንቶቹ ቆመው ተመለሱ ብለን ብዙ አንጠይቅም። እኔ ይህችን ማሽን የምወድበት አንዱ ምክንያት ወደዚያ ጥያቄ ስለምትወስደኝ ነው።

ሰናይት፦ ያገሬ ልጆች ቁስል በዚያ መስመር እንዳለፈ አስቤው አላውቅም ነበር። ያንግስ? ይህን ሁሉ ሲሰማ ምን አለ?

መርዕድ፦ እሱ በ1947 ቤልን ለቅቆ ወደ ፍልስፍናው ተመልሷል። ሄሊኮፕተሩ ለእሱ የጀመረውን ጥያቄ መፈተኛ ነበር፤ ሠርቶ አስረከበ፣ ሄደ። ቀሪውን ዕድሜውን ስለ አእምሮና ስለ ተፈጥሮ እያሰበና እየጻፈ ኖረ፤ በ1995 ነው ያረፈው። ሥራውን ያስቀጠሉት ኬሊና ሌሎቹ ናቸው። ፋብሪካው በ1951 የሄሊኮፕተር ክፍሉን ወደ ቴክሳስ አዛወረ።

ሰናይት፦ እሷስ ከኮሪያ በኋላ?

መርዕድ፦ ያልገባችበት የለም። የኒውዮርክ ፖሊስ ከ1948 ጀምሮ ይዟት ነበር። በ1957 ሐምሌ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከዋይት ሐውስ ግቢ ተሳፍሮባታል፤ ሄሊኮፕተር የተሳፈረ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። በ1958 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቴሌቪዥን ካሜራ ተጭኖባት ከሰማይ ዜና ማስተላለፍ ተጀመረ። ጣሊያን ውስጥ አጉስታ፣ ጃፓን ውስጥ ካዋሳኪ፣ እንግሊዝ ውስጥ ዌስትላንድ በፈቃድ ሠርተዋታል። ሁሉም ሲደመር ከ5,600 በላይ ናቸው። ቤል ራሱ ማምረቱን ያቆመው በ1974 ነው፤ ዛሬም አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ የምስክር ወረቀቷን ወስዶ መለዋወጫዋን የሚያቀርብ ድርጅት አለ።

ሰናይት፦ ከውጭ የሚታሰረው ቃሬዛስ በዚያው ቀረ?

መርዕድ፦ አልቀረም። የአሜሪካ ጦር ከኮሪያ ሲመለስ የጠየቀው አዲስ ሄሊኮፕተር ቁስለኛን ውስጧ የምትጭን እንድትሆን ነበር። በ1955 የቤል ንድፍ ተመረጠ፤ በ1956 ጥቅምት በረረች። ኋላ ሂዊ ተብላ ቬትናም ላይ ስሟ የገነነው እሷ ናት። ሞተሯ ጋዝ ተርባይን ስለሆነ ትንሽና ቀላል ነው፤ ከጣራው ላይ ስለተቀመጠ ወለሉ ሰፊ ሆኖ ለሰው ቀረ። ዩኤች-1ዲ የምትባለው 6 ቃሬዛ ትይዛለች። በጎን በኩል ሰፊ ተንሸራታች በር አላት።

ሰናይት፦ የሕክምና ባለሙያውስ አብሮ ይሳፈራል?

መርዕድ፦ ይሳፈራል። በበረራው መሐል የደም መፍሰሱን ያቆማል፣ ጠርሙሱን ይለውጣል፣ መተንፈሱን ያያል። ያንግ ያመጣት ዘንግስ? በሂዊም ሮተሩ ራስ ላይ፣ ክብደቶቿ ጫፏ ላይ፣ እንዳለች ናት።